የ1973ቱ አሥር ኤስኩዶ

ኤርሚኒዮ የሚሰበስበው የመጨረሻዎቹን ብቻ ነበር። ፖርቱጋል ከየቅኝ ግዛቷ ጓዟን ጠቅልላ ከመውጣቷ በፊት የመታችውን የመጨረሻ ሳንቲም፤ የህንዱን፣ የቲሞሩን፣ የአንጎላውን፣ የሞዛምቢኩን። ከዚያ በፊት ያለው የንጉሥ መልክ ይኑርበት፣ ንጹሕ ብር ይሁን፣ ደንታ አልነበረውም። ሠላሳ ስድስት ዓመት በፖስታ ቤት መስኮት ተቀምጦ በደብዳቤ ላይ ቀን ሲመታ የኖረ ሰው ነው። ሳንቲም ሲሰጡት ዓይኑ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ዓመቱ ነው። ቀሪውን ከፈለገ በኋላ ያየዋል፣ ካልፈለገም አያየውም።

እናቱ ሉዶቪና ይህን ሥራውን አንድም ቀን ወዳው አታውቅም።

"ሰው የሚገዛበትን ገንዘብ ይሰበስባል፤ የኔ ልጅ የማይገዛበትን" ትላለች ለጎረቤት፣ እሱ እየሰማ። "ያውም በሚገዛበት ገንዘብ እየገዛ።"

አንድ ሳንቲም ይቀረው ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1973 ለጊኔ፣ ለምዕራብ አፍሪካው ቅኝ ግዛት፣ የተመታው አሥር ኤስኩዶ። ጓርዳ ከተማ፣ የወሩ መጨረሻ እሑድ ገበያ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚሸጠው ፌሊሲያኖ እንደሚለው ጥቂቱ ብቻ ነው እዚያ ደርሶ ሰው እጅ የገባው፤ ሌላው ሣጥኑ ሳይከፈት ተመልሶ ቀልጧል። የሚያብለጨልጭ፣ ማንም ያልነካውን ሁለት ጊዜ አቅርቦለት ኤርሚኒዮ አልፈለገም። እሱ የሚፈልገው እዚያው ጊኔ ውስጥ ሲጋራ የተገዛበትን፣ ላብ የነካውን ነው። ፌሊሲያኖ "ሚስት ስትፈልግ እንዲህ ብትመርጥ ኖሮ ባላገባህ ነበር" አለው። "መች አገባሁና" አለ ኤርሚኒዮ።

ለምን ጊኔ ላይ ድርቅ እንደሚል በመንደሩ በቫልዳሎባ የማያውቅ የለም። ታላቅ ወንድሙ አቢሊዮ ለቅኝ ግዛቱ ጦርነት ተልኮ እዚያ ነው የሞተው። በኅዳር 1972 የተሳፈረበት ካሚዮን ፈንጂ ረገጠ፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ኤርሚኒዮ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር፤ በየደብዳቤው "ሳንቲም ላክልኝ" ሲል የቆየ ልጅ። መጀመሪያ ቴሌግራም መጣ። ከዚያ የአንገት ታርጋው በፖስታ መጣ። ሬሳው ግን እዚያው በጊዜያዊ መቃብር ቆይቶ አገሩ የገባው ከአንድ ዓመት ከሦስት ወር በኋላ፣ በየካቲት 1974 ነው። የወታደር መኪና ሁለት ሣጥን ጭኖ ሸለቆውን ወጣ። አንዱን ቫልዳሎባ አወረደ፤ ሁለተኛውን ስድስት ኪሎ ሜትር አልፎ ፔድራልቫ፣ የዴኦሊንዳ ልጅ ጃሲንቶ ነው ተብሎ። ሣጥኖቹ በእርሳስ የተለበጡ፣ ዙሪያቸውን የተበየዱ ነበሩ። አብሮ የመጣው ሻለቃ አይከፈትም አለ፤ አልተከፈተም።

በቫልዳሎባ መቃብር እንደ አልጋ ነው፤ አንዱ ካልተነሳ ሌላው አይተኛበትም። አዲስ ሟች ሊገባ ሲል የቀድሞው አጥንት ይወጣል፣ የቤቱ ሴቶች በውሃና በአረቄ ያጥቡታል፣ በትንሽ ሣጥን ሆኖ ከአዲሱ ሟች እግር ሥር ይመለሳል። ሉዶቪና ዘጠና አራት ዓመት ሞልቷት፣ ዓይኗን ሞራ ጋርዶት፣ ልቧም በሐኪም ቃል "እስከ ሐምሌ" ከተባለላት በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። አጥንቱ በሕይወት እያለች ይውጣ። በእጇ ታጥባለች።

"ሞቼ ዙልሚራ እንድታጥበው አልፈልግም" አለች። ዙልሚራ ትልቋ ልጇ ናት። "ሳህን ስታጥብ እንኳ ቅባት ትተዋለች።"

ዙልሚራ ሳህን እያጠበች ነበር። ሳሙና ጨመረች።

በግንቦት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ቆፋሪው ቲቡርሲዮ ድንጋዩን አነሳ። ወንድምና እህት ብቻ ነበሩ፤ እናትየው ቅዳሜ ለማጠቡ ትመጣለች። እንጨቱ ፈርሷል። እርሳሱ ግን እንዳለ ነው። ቲቡርሲዮ በቆርቆሮ መቁረጫ ዙሪያውን ቆረጠው።

"እንደ ሰርዲን ጣሳ ነው" አለ፤ ከዚያ ዙልሚራን አየና "ይቅርታ" አለ።

ደረቅ አጥንት፣ ደረቅ ጨርቅ። ሽታ የለም። ዙልሚራ አማተበችና ፊቷን አዞረች። ቲቡርሲዮ የጃኬቱን ቅሪት ሲያነሳ የደረት ኪሱ ከነቁልፉ እንደተዘጋ ነበር፤ ውስጡ ክብ ነገር ይታያል። ክሩን በጣቱ በጥሶ አወጣው።

"ጋሽ ኤርሚኒዮ፣ ይሄ እንኳን የእርስዎ ነገር ነው።"

ኤርሚኒዮ ሳንቲሙን ጫፍና ጫፉን ይዞ ወደ ፀሐይ አዞረው። አላሸውም፤ ሳንቲም አሽቶ አያውቅም። ፊቱ ጥቁር አረንጓዴ ሆኗል፤ ጊኔ የሚለው ግን ይነበባል፣ አሥር የሚለውም። ዓይኑ እንደ ልማዱ ወደ ዓመቱ ሄደ።

1973።

እንደገና አነበበው። ከዚያ ድንጋዩን አየ፤ ተገንጥሎ ሣሩ ላይ የተጋደመውን፣ እናቱ በየዓመቱ በብሩሽ የምትፈገፍገውን። አቢሊዮ፣ 1950 — 1972።

በኅዳር 1972 የሞተ ሰው በቀጣዩ ዓመት የተመታ ሳንቲም ኪሱ አይከትም። ይህን ለማወቅ ሰብሳቢ መሆን አያስፈልግም፤ ዓመቱን ቀድሞ ለማየት ግን ሰብሳቢ መሆን ያስፈልጋል። ዙልሚራ ብትሆን ኖሮ "ደግ፣ ሳንቲም ነው" ብላ ለቲቡርሲዮ ጉርሻ ትሰጠው ነበር።

"ሌላስ ነገር አለ?" አለ ኤርሚኒዮ።

"ማበጠሪያ። ቁልፎች። ሌላ የለም።"

ቤቱ ገብቶ ኮቱን ሳያወልቅ ስልክ ደወለ።

"ፌሊሲያኖ፣ የጊኔው አሥር ኤስኩዶ፣ ሰባ ሦስቱ፣ ሰው እጅ የገባው መቼ ነው?"

"ሐምሌ፣ ነሐሴ ገደማ። ለምን?"

"ከዚያ በፊት አንድ ሁለቱ አምልጦ ወጥቶ ቢሆንስ? በሰባ ሁለት ኅዳር?"

"በጠዋቱ ጠጥተሃል እንዴ? ያልተመታ ሳንቲም ከየት ያመልጣል?" ከዚያ የፌሊሲያኖ ድምፅ ለሰለሰ። "አገኘህ። አግኝተኸዋል። ስማኝ፣ እንዳታጥበው። በጨርቅ እንኳ እንዳትነካው። የጠራኸውን እሰጥሃለሁ።"

ኤርሚኒዮ ዘጋው። ጃሲንቶ የሞተው በጥቅምት 1973 ነው። ሁለት ሣጥን፣ አንድ መኪና፣ ሁለት ስም። ሒሳቡ ወረቀት አላስፈለገውም።

ዙልሚራ ግን አልተቀበለችም። ሾርባውን እያማሰለች ጀርባዋን ሰጥታው አዳመጠችና "ሲያሽጉት ከአንዱ ወታደር ወድቆ ይሆናላ" አለች።

"በተቆለፈ ኪስ ውስጥ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። አንተ ነህ የሳንቲም ሊቅ።" ማማሰያውን አስቀመጠች። "እሺ ይሁን። የጃሲንቶ ይሁን። ከዚያስ? ዴኦሊንዳ የባሏ አጥንት ሲወጣ የልጇንም አውጥታ አጥባ፣ አባትና ልጅን በአንድ ሣጥን ቀላቅላ መቃብሩ ግድግዳ ውስጥ አስገብታለች። ይኸው ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ማን የማን መሆኑን ማን ይለየዋል? ሄደህ የዘጠና አንድ ዓመት ባልቴት ሣጥን ልትዘረግፍ ነው?"

"እማዬስ?"

"እማዬ ታጥባለች፣ ትደሰታለች፣ ትሞታለች። ሆድ ይፍጀው፣ ኤርሚኒዮ። አንድ ጊዜ እንኳ ሆድህ ነገር ቢችል ምን አለበት?"

ኤርሚኒዮ ኮቱን አውልቆ ሰቀለ። ሌላው ቢቀር ቅዳሜ ሩቅ አልነበረም፤ እስከዚያ ዝም ማለት ማንም ይችላል።

የመቃብሩ ቤት አንድ ክፍል ነው፣ የሲሚንቶ መደብ ያለው። ሉዶቪናን በመኪና አምጥተው ከመደቡ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧት። ሁለት ሳፋ፣ አንድ ጠርሙስ አረቄ፣ ነጭ አንሶላ። እጅጌዋን ሰበሰበች። ዙልሚራ ውሃ ታፈሳለች፣ እናትየው ታጥባለች። ወንድ በዚህ ሥራ አይገባም፤ ኤርሚኒዮ በሩ ላይ ቆመ።

ከራስ ቅሉ ጀመረች። ሕፃን እንደምታጥብ ሳይሆን ድስት እንደምታጥብ፣ በደንብ፣ ሳትቸኩል። "ጥርሱ ሙሉ ነው" አለች። ከዚያ አንገት፣ ከዚያ ትከሻ። ዙልሚራ የታጠበውን እየተቀበለች በአረቄ ጠርጋ አንሶላው ላይ ትደረድራለች። ሉዶቪና ግማሽ ሰዓት ያህል ከሠራች በኋላ ቀና አለች።

"ኤርሚኒዮ፣ ግባ። ከበለስ ዛፍ የወደቀ ጊዜ የሰበረው የቀኝ ክንዱ የታለ? ዓይኔ አይለይልኝም። የጠገነበትን አሳየኝ።"

ኤርሚኒዮ የበለሱን ነገር ከነአካቴው ረስቶት ነበር። አቢሊዮ ሲወድቅ እሱ አራት ዓመቱ ነበር። ገብቶ የቀኝ ክንድ አጥንቱን አነሳ። ለስላሳ ነው። አገላበጠው፤ ምንም የለም። ዙልሚራ በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችው፤ ዓይኗ የሚለው ግልጽ ነበር። የእናቱን ጣት ያዘና ከክርኑ በላይ፣ ጡንቻ የሚጣበቅበት ሸካራ ቦታ ላይ አስቀመጠው።

"ይኸው። እዚህ ጋ ጎርበጥ ይላል።"

ሉዶቪና ቦታውን ዳሰሰችው። ወደ ላይ፣ ወደ ታች።

"የተሰበረው ግራው ነበር" አለች።

ውሃው ከማንቆርቆሪያው ጠብ ጠብ ይላል። እሷ ራሷ እጇን ዘርግታ አንሶላው ላይ ፈለገች፤ ግራውን አገኘችው። ከትከሻው እስከ ክርኑ ሁለት ጊዜ ዳሰሰች፣ ከዚያ የታችኛውን ሁለቱን አጥንት። እንደ ሸንበቆ ልሙጥ ነበር። መደቡ ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

"ከሐሙስ ጀምሮ ስታናግረኝ ድምፅህ ወደ ጎን ይሄዳል" አለች። "ተናገር።"

"እማዬ፣ እሱ እኮ..." አለች ዙልሚራ።

"አንቺ ውሃሽን ያዢ። እሱ ይናገር።"

ተናገረ። ሳንቲሙን፣ ኪሱን፣ ዓመቱን፣ ሁለቱን ሣጥኖች። አጭር ነበር፤ ከፖስታ ቤት ማስታወቂያ አይረዝምም። ዙልሚራ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ወጣች፤ ጠጠሩ ላይ ስትመላለስ ይሰማል።

"ስለዚህ ይሄ የዴኦሊንዳ ነው" አለች ሉዶቪና።

"ይመስለኛል።"

"ይመስለኛል ምን ማለት ነው? በሳንቲምህ ይመስለኛል ብለህ ታውቃለህ?"

"ነው።"

ራሷን ነቀነቀች። እጇ ጭኗ ላይ ተጋድሞ ቆየ፤ ርጥብ እጅ፣ ቆዳው የተሸበሸበ። ታለቅሳለች ብሎ ጠበቀ፤ አላለቀሰችም።

"አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ለሰው ልጅ ሻማ ሳበራ ከረምኩ" አለች። "የኔው ጨለማ ውስጥ ሆኖ።"

"ዴኦሊንዳ አብርታለታለች።"

"ዴኦሊንዳ ሰነፍ ናት። በዓል ሲሆን ነው የምታበራው።" ከዚያ ሳፋውን ወደ ራሷ ሳበችና የጭኑን አጥንት አነሳች። "የጀመርኩትን ልጨርስ። ጭቃ እንደያዘ ለእናቱ አይሰጥም። አንተ ነገ ሂድና ንገራት። ልጇን ትውሰድ፣ የኔን ትስጠኝ። ከባሏ ጋር ተቀላቅሏል አሉ፤ ግራ ክንዱን ብቻ ትፈልግልኝ። የተሰበረውን። እሱ ይበቃኛል።"

"እሺ።"

"ከዚህኛው ጋር እንዳታስገቡኝ። የሰው ልጅ ነው። ደግሞ እሱም እናቱን ይፈልጋል። አደራ።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኤርሚኒዮ ሳንቲሙን በትንሽ ወረቀት ጠቅልሎ በደረቱ ኪስ ከቶ ወደ ፔድራልቫ ነዳ። በመንገዱ ሁሉ የሚናገረውን ያስተካክል ነበር። በመጀመሪያ ሳንቲሙን ያሳያል፣ ከዚያ ዓመቱን፣ ከዚያ ዝም ይላል። ቀሪውን እሷ ትደርስበታለች።

ዴኦሊንዳ ትንሽ፣ ክብ፣ አንድ ጆሮዋ የማይሰማ ሴት ናት። ዳቦ፣ አይብና ወይን አቀረበች፤ ሳይቀምስ ወሬ እንደማይጀመር ያውቃል፤ ቀመሰ። ስለ እናቱ ጠየቀችው። ስለ ጉልበቷ ነገረችው። ስለ ቄሱ ነገረችው፤ አዲሱ ቄስ በስብከት ላይ ሰዓቱን ያያል። ኤርሚኒዮ በመጨረሻ ወረቀቱን ፈትቶ ሳንቲሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"እትዬ ዴኦሊንዳ፣ ይህን ይዩልኝ።"

ቀረብ አድርጋ አየችው። ሳቀች።

"አሁንም ትለቅማለህ? ስትሞት ማን ይወስደው ይሆን። ቆይማ።"

ግድግዳውን እየተደገፈች ገብታ የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ መጣች። ውስጡ ደብዳቤ ነው፣ ፎቶግራፍ፣ የደረቀ የፋሲካ አበባ። አንዱን ፖስታ ከታች አወጣችና ሰጠችው።

"መነጽሬን አላውቅም የት እንዳደረስኩት። አንብብልኝ። አንተ የፖስታ ሰው አይደለህ?"

መስከረም 1973 ይላል። ጽሑፉ ትልልቅ ነው፣ የገበሬ ልጅ ጽሑፍ። ኤርሚኒዮ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፤ አንድ ጆሮዋ አይሰማምና።

"እማዬ፣ እኔ ደህና ነኝ። አዲስ አሥር ኤስኩዶ ወጥቶልናል፣ ደሞዝ ሲከፈል ሁለት ሳንቲም አገኘሁ። አንዱን በዚህ ደብዳቤ ልኬልሻለሁ፣ እንዳትገዢበት፣ እዚያ አይሠራም። ሁለተኛውን ደረት ኪሴ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ስመጣ ጎን ለጎን አድርገን እናያቸዋለን።"

ዴኦሊንዳ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አብራው ትል ነበር፤ በቃሏ ታውቀዋለች። ከቆርቆሮው ጥግ አንድ ሳንቲም ለቅማ ከፊቱ አስቀመጠችው። ያው ነው። ይኛው ግን ጥቁር አይደለም፤ ጫፉ ብቻ ደብዝዟል፣ በእጅ ብዛት። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆኑ።

ያኔ ነበር መናገር የነበረበት። አፉንም ከፍቶ ነበር።

"አስከሬኑ ሲመጣ እኔ አላመንኩም ነበር" አለች እሷ። "እናትህም እንደኔ ሳታምን ቀርታለች፣ ነግራኛለች። ያ ሻለቃ አይከፈትም ሲል ድንጋይ ሞልተው ይሆናል ብዬ ነበር። ባሌን ስናወጣ እሱንም አወጣነው። ያኔ አመንኩ። በምን መሰለህ? በግራ ክንዱ። እዚህ ጋ ተሰብሮ የጠገነ ጉብታ ነበረው።" የራሷን ክንድ ከክርኗ በላይ ያዘች። "እኔ ሲሰበር አላውቅም። የሰበረው እዚህ ሆኖ ከኔ ደብቆት ነው ወይስ እዚያ ነው? ያ ልጅ ሕመም አይነግረኝም ነበር፤ ስደነግጥ ስለማይወድ። እዚያው ሳፋው ላይ እንዲህ አልኩት፤ አንተ ውሸታም፣ ይኸው አገኘሁብህ። እጄ ሲነካው እሱ መሆኑን አወቅሁ። ሌላውን አጥንት ከአባቱ ጋር ቀላቀልኩት፤ ያን አንዱን ግን በጨርቅ ጠቅልዬ ከላይ አድርጌዋለሁ።"

ኤርሚኒዮ ወይኑን ጠጣ። ብርጭቆው ባዶ ሆኖም ያዘው።

"ውሰደው" አለች፤ ሳንቲሙን ማለቷ ነው። "እኔ ስሞት የእህቴ ልጆች ለሕፃን መጫወቻ ይሰጡታል። አንተ ታከብረዋለህ።"

"አይሆንም፣ እትዬ ዴኦሊንዳ።"

"ምን አይሆንም? ሁለት ይሆንልሃል። እሱም ጎን ለጎን ነበር የፈለገው።" አንስታ መዳፉ ላይ አስቀምጣ ጣቶቹን አጠፈችለት። እጇ ይሞቃል፣ ጉልበትም አለው።

ሃያ ዓመት የፈለገውን ሳንቲም፣ ጊኔ ውስጥ ሰው የነካውን፣ ሁለት አድርጎ ይዞ ወጣ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ሳያዞር ቆየ። ተመልሶ ገብቶ ሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ይችል ነበር። ልጅዎ እኛ ጋ ነው። ያ ክንድ የወንድሜ ነው። ከዚያ እሷ ምን ይቀራታል? ልጇ ይቀራታል፣ እውነተኛው፤ ልሙጥ ክንድ ያለው፣ ሉዶቪና ያጠበችው፣ እሷ በእጇ የማታውቀው። ኤርሚኒዮ በልቡ ይህን እያመዛዘነ አልነበረም፤ እንዲህ አድርጎ ቢያመዛዝነው ያስከብረው ነበር። እውነቱ ግን ፈርቶ ነበር። ቁልፉን አዞረ።

"ምን አለች?" አለች እናቱ።

"አላገኘኋትም። የእህቷ ልጅ ጋ ሄዳለች አሉኝ።"

በሚቀጥለው እሑድ "ታማለች" አለ። በሦስተኛው እሑድ ወደ ፔድራልቫ የሚወስደውን መንገድ ነድቶ ግማሽ ላይ፣ የወፍጮው ድልድይ ጋ ቆሞ፣ አንድ ሰዓት ጠብቆ ተመለሰ።

"አንተ ፖስታ ቤት ነበርክ ወይስ ፖስታ ቀማኛ?" አለችው ሉዶቪና ከአልጋዋ። ድምጿ ሰልሏል፣ ምላሷ ግን አልሰለለም። "አንድ መልእክት ስድስት ኪሎ ሜትር ማድረስ አቃተህ?"

"በዚህ ሳምንት እሄዳለሁ።"

"የኔ ሳምንት ካንተ ሳምንት ያጥራል።"

ዙልሚራ ትራሱን ስታስተካክል ወንድሟን አላየችውም። በዚያ ሳምንት ረቡዕ ሉዶቪና አረፈች። እስከ መጨረሻው ቀን አእምሮዋ ከሷ ጋር ነበር፤ ማክሰኞ ማታ ዓይኗን ወደ በሩ አድርጋ ኤርሚኒዮ ሲገባ "ባዶ እጅህን ነህ" አለች። ጠየቀችም አይባልም። እጁን አይታ አልነበረም፤ ማየት አትችልም።

ለቀብሩ መንደሩ ሁሉ ወጣ። ከፔድራልቫም አንድ መኪና ሙሉ መጣ፤ ዴኦሊንዳ ከፊት ተቀምጣ። በአንድ መኪና ልጆቻቸው የመጡላቸው እናቶች ናቸውና ሰው መንገድ ለቆላት ከቤተሰቡ ጎን፣ ከኤርሚኒዮ አጠገብ ቆመች። ቄሱ ጸለየ። ሰዓቱን አየ። ሣጥኑ ወረደ።

ቲቡርሲዮ ትንሹን ሣጥን በክንዱ ታቅፎ ወደ ጉድጓዱ ጫፍ መጣና ቆመ። ሥርዓቱ ነው፤ የቤቱ ወንድ ሳይፈቅድ አይገባም።

"ጋሽ ኤርሚኒዮ፣ ይግባ?"

ኤርሚኒዮ ሣጥኑን አየ። አይግባ ካለ ለምን ብለው ይጠይቃሉ፤ እዚህ፣ ሰው ሁሉ በቆመበት። ዙልሚራ አፈሩን ታያለች። ቲቡርሲዮ ሣጥኑን ከአንድ ክንድ ወደ ሌላው አዛወረ። ከኋላ አንድ ሰው ሳለ።

"ምን ትጠብቃላችሁ?" አለች ዴኦሊንዳ፣ መስማት እንደተሳነው ሰው ጮክ ብላ። "አስገቡት እንጂ። እናቱ አይደለችም እንዴ? ለዚህች ቀን አይደል የኖረችው?"

ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ራመደችና ምርኩዟን ለኤርሚኒዮ ሰጥታ ጎንበስ አለች። የሣጥኑን ክዳን ሳመችው፤ ፈጠን ብላ፣ ለጎረቤት ሬሳ እንደሚደረገው ለወግ ያህል። ከዚያ ምርኩዟን ተቀበለች።

"ይግባ" አለ ኤርሚኒዮ።

ቲቡርሲዮ በገመድ አወረደው። ከታች እንጨት ከእንጨት ሲነካ ተሰማ፣ ቀለል ያለ ድምፅ።

ሰው ሲበተን የዴኦሊንዳ ዘመዶች ቡና ቤት ገቡ፤ እሷ ጉልበቴን አሞኛል፣ አልጠብቅም አለች። ኤርሚኒዮ በራሱ መኪና ሊያደርሳት ተነሳ። ዙልሚራ በሩን ስትዘጋላት ለወንድሟ በዝቅታ "ደግ አደረግህ" አለችው፤ አጥንቱ ከታጠበበት ቅዳሜ ወዲህ ያነጋገረችው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ሞተሩን አስነሳ።

የወፍጮውን ድልድይ ሲያልፉ ዴኦሊንዳ ከመስኮቱ ዞረች።

"የት አደረጉት? ራሷ ጋ ነው ወይስ እግሯ ሥር?"

"እግሯ ሥር።"

"አይ። እኔ ስሞት ልጄን ደረቴ ላይ አድርጉልኝ ነው ያልኳቸው። ያን የጠቀለልኩትን ደግሞ እጄ ውስጥ።" ኮቷን ሰበሰበች። "አንተም ትመጣለህ አይደል? የእህቴ ልጆች እንዳያምታቱብኝ ቆመህ ታይልኛለህ።"

"እመጣለሁ" አለ ኤርሚኒዮ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።